በሰው አገር ጦርነት መግባት ይበጃል ወይ?



ዛሬ በሬዲዮ ዘወትር ስለምትሰሙት አንድ ቃል እንነጋገር። ቃሉ «ጣልቃ ገብነት» ነው። ጣልቃ ገብነት ማለት አንድ አገር ጦሩን ልኮ በሌላ አገር ጠብ ውስጥ ሲገባ ነው።

ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ተጣሉ እንበል። የሌላ ቀበሌ ሰው ዱላውን ይዞ መጣና አንደኛውን አገዘ። ታዲያ ሌላኛው ዝም ይላል? አይልም። እሱም የራሱን ረዳት ይጠራል። በሽማግሌ ያልቅ የነበረው ነገር ደም ያፋስሳል። በአገርም እንደዚሁ ነው።

አፍጋኒስታንን እንይ። በእስያ የምትገኝ ተራራማ አገር ናት። ብዙው ሕዝቧ እንደ እናንተ ገበሬና ከብት አርቢ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1979 የሶቭየት ኅብረት ጦር ገባ። «ወዳጄ የሆነውን መንግሥት ላግዝ ነው» አለ። ግን በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ጦር ላኩልኝ ብሎ የጠየቀውን መሪ ራሱን ገድሎ ሌላ ሾመ። አሜሪካና ፓኪስታን ደግሞ ለተቃዋሚዎቹ መሣሪያ ሰጡ። ጦርነቱ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ወደ 15 ሺህ የሶቭየት ወታደሮች ሞቱ። ከ5 ሚሊዮን በላይ አፍጋኖች ተሰደዱ። እርሻው ጦም አደረ፤ ፈንጂም ተቀበረበት። ጦሩ በ1989 ወጣ። ያገዘው መንግሥት በ1992 ወደቀ።

በ2001 አሜሪካ ገባች። ምክንያት ነበራት። አልቃኢዳ የሚባለው ቡድን አሜሪካ ውስጥ ወደ 3 ሺህ ሰው ገድሎ ነበር። መሪዎቹን ያስጠለለው የታሊባን መንግሥት በሁለት ወር ውስጥ ወደቀ። የአሜሪካ ጦር ግን 20 ዓመት ቆየ። ወደ 2,400 የአሜሪካ ወታደሮችና ከ40 ሺህ በላይ ሰላማዊ አፍጋኖች ሞቱ። በ2021 በነሐሴ ወር ታሊባን ካቡልን መልሶ ያዘ።

ይህ ለምን ሆነ?

አንደኛ፣ የአዲሱ መንግሥት ወታደር ደመወዝ ከውጭ ይመጣ ነበር። ድጋፉ ሲነሳ ጦሩ ተበተነ። ሥር የሌለው ዛፍ ምርኩዙ ሲነሳ ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ ቤቱ በቦምብ የፈረሰበት፣ ወንድሙ የሞተበት ሰው ቂም ያዘ።

ሦስተኛ፣ እንግዳ ይሄዳል፤ ባላገር ይቀራል። ታሊባንም ይህን ስለሚያውቅ ጠበቀ።

ታዲያ ሁልጊዜ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው? አይደለም። በ1978 የኡጋንዳው ገዢ ኢዲ አሚን የታንዛንያን መሬት በጦር ያዘ። ታንዛንያ ወራሪውን አስወጣች። ከኡጋንዳ ስደተኞች ጋር ሆና እስከ ካምፓላ ገፋችና በ1979 ገዢውን ጣለች። በ1981 ጦሯን መለሰች። እንዲያም ሆኖ ወጪው ሕዝቧን ጎዳ፤ ኡጋንዳም ወዲያው ሰላም አላገኘችም።

እንግዲህ የተወረረ አገር ራሱን ቢከላከል ተገቢ ነው። በየሰው ጠብ መግባትን ልማድ ማድረግ ግን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ያሰኛል። የሚዘምተው የገበሬ ልጅ ነው። ወጪውም የሚከፈለው ከግብር ነው። ስለዚህ ጦር ከመሄዱ በፊት ሕዝቡ ይጠይቅ፦ ተወረናል ወይ? ሥራው ምንድን ነው? ጦሩ መቼ ይመለሳል?

በማኅበራችሁ ተወያዩበት፦
1. ጣልቃ ገብነት ምን ማለት ነው?
2. የታንዛንያ ዘመቻ ከአፍጋኒስታኑ በምን ይለያል?
3. የአገራችን ጦር በውጭ የዘመተበትን ጊዜ የሚያስታውስ አለ? ምን ተገኘ? ምንስ ጎደለ?