እስስትን በጓሮና በቤት ማኖር

እስስት ከገበሎ አስተኔዎች፣ ማለትም የሰውነታቸውን ሙቀት ከፀሐይና ከአካባቢያቸው ከሚያገኙት ባለቅርፊት እንስሳት የምትመደብ የእንሽላሊት ዘመድ ስትሆን፣ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ከ200 በላይ ዝርያዎቿ ግማሽ ያህሉ በማዳጋስካር፣ ከቀሩትም አብዛኞቹ በአፍሪካ ምድር ይኖራሉ። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የታደለች አገር ናት፤ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1845 ሳይንሳዊ ስም ያወጣላት ዝርያ የኢትዮጵያ ከፍታ ቦታዎች ነዋሪ ስትሆን፣ በባሌ ተራሮች ግርጌ የሚገኘው የሐረና ደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሳይንሱ ዓለም ለተዋወቀች ሌላ ዝርያ ስሙን አውሶአታል።

በጌዴኦ ዞን፣ በኮቸሬ ወረዳ የምትገኘው ጨለለቅቱ የዚህች እንስሳ አኗኗር በቅርብ ሊጠና የሚችልበት ዓይነት አካባቢ ናት። የጌዴኦ ገበሬ ዋንዛንና ብርብራን የመሳሰሉ ትልልቅ ዛፎችን ከላይ ትቶ፣ በጥላቸው ሥር እንሰትን፣ ከእንሰቱ ጋር ቡናን፣ ከቡናው በታችም ሌሎች ተክሎችን እያቀላቀለ ያለማል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በአብዛኛው በዚህ የአስተራረስ ጥበብ ምክንያት ነው። ለእስስት የሚያስፈልጋት ቀጭን ቅርንጫፍ፣ ተለዋዋጭ ጥላና ፀሐይ፣ በቅጠል ላይ የሚያድር ጤዛና የማያቋርጥ የነፍሳት አቅርቦት በመሆኑ፣ አንድ የቡናና የእንሰት ጓሮ ይህን ሁሉ ያለ ምንም ወጪ አሟልቶ ይሰጣል። እስስትን በቤት ለማኖር የሚወጣው ወጪና ልፋት ሁሉ በመሠረቱ እንዲህ ያለውን ጓሮ በጠባብ ቦታ ለመፍጠር የሚደረግ ጥረት ነው።

የእንስሳዋ አካል የተሠራው ለቅርንጫፍ ኑሮ ነው። የእያንዳንዱ እግር አምስት ጣቶች ሁለትና ሦስት ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለ ተጣመሩ እንጨትን ግራና ቀኝ ጨብጠው ይይዛሉ፤ ጅራቷም እንደ አምስተኛ እጅ ይጠመጠማል። ዓይኖቿ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለሚዞሩ አንዱ ከፊት ያለችውን ዝንብ ሲመለከት ሌላው ከኋላ የሚመጣውን ወፍ ይጠብቃል፤ ለማደን ስትነሣ ግን ሁለቱም ወደ አንድ ነጥብ ያነጣጥሩና ርቀቱን ይለካሉ። ከዚያም አፏ በትንሹ ይከፈታል፣ የምላሷ ጫፍ ይታያል፣ ወዲያውም ከጅራቷ በስተቀር ካለው የሰውነቷ ርዝመት የሚበልጥ ምላስ ተወርውሮ ነፍሳቱን ይዞ ይመለሳል። ዓይን ይህን ሁሉ በቅጡ ሳይከታተል ነፍሳቱ በመንጋጋዋ መካከል ይገኛል።

ቀለሟን በተመለከተ በስፋት የሚታመነው፣ ከተቀመጠችበት ነገር ጋር ለመመሳሰል ትለዋወጣለች የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በቆዳዋ ውስጥ ባሉ ሕዋሳት ጉዋኒን ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች ተደርድረው ይገኛሉ፤ ክሪስታሎቹ ሲቀራረቡ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያንጸባርቁና ይህም ከቆዳው ቢጫ ቀለም ጋር ስለሚዋሐድ አረንጓዴ ይታያል፣ ሲራራቁ ደግሞ ወደ ቢጫና ቀይ የሚያደላ ብርሃን ይመለሳል። ለውጡ የሚከተለው ሙቀትን፣ ፍርሃትን፣ ቁጣንና የፆታ ፍላጎትን ነው። በዚህም ምክንያት ቀለም ለጠባቂው ዋነኛ የጤና መለኪያ ይሆናል፤ ጠዋት በብርድ የጠቆረች እስስት ሙቀት ለመሳብ የጠቆረች ስትሆን፣ ፀሐይ ከሞቀች በኋላም ጠቁራ የምትውል ግን የተጨነቀች ወይም የታመመች ናት።

ወደ አያያዙ ከመግባት በፊት ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቀላቀለችው ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ በተለምዶ ሳይተስ የሚባለው፣ እስስቶችን ድንበር ተሻጋሪ ንግዳቸው ቁጥጥር ከሚደረግበት ጎራ መድቧቸዋል። ስለዚህ ለጨለለቅቱ ቤተሰብ ሕጋዊውም ለእንስሳዋ የተሻለውም መንገድ፣ እስስቷን ሳይዙና ሳያስሩ በጓሮ ተክል ላይ እንዳለች መጠበቅ ነው። ይህ ጥቂት የሚመስል ግን ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ አጥር ሲከረከምና ቡና ሲገረዝ ቅርንጫፉን አስቀድሞ መመልከት፣ ፀረ ተባይ መርጨትን መተው፣ ድመትንና ዶሮን ማራቅ፣ ከሁሉም በላይ ልጆች ድንጋይ እንዳይወረውሩባት ማስተማር ያስፈልጋል። መርዝ እንደሌላት፣ ሰውን እንደማታሳድድና በብዛት የምትበላውም ነፍሳትን እንደሆነ የተረዳ ልጅ የመጀመሪያው ጠባቂዋ ይሆናል።

በእርባታ የተገኘች እስስትን በሕጋዊ መንገድ ወደ ቤት የሚያስገባ ሰው፣ ለምሳሌ በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የየመንና የሳዑዲ ዓረቢያ ተወላጅ የሆነችውን፣ በራሷ ላይ ከፍ ያለ ዘውድ መሰል አጥንት ያላትን ዝርያ ነው። መኖሪያዋ አየር በደንብ የሚያስተላልፍ የመረብ ቤት ሊሆን ይገባል፤ ለአንድ ያደገች እስስት ስፋቱ 60 በ60፣ ቁመቱም 120 ሴንቲሜትር ቢሆን ተመራጭ ነው፤ እስስት በከፍታ ላይ ሆና ሁሉን ካላየች አትረጋጋምና ቤቱ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በአንድ ቤት ሁለት እስስት ማኖር አይገባም፤ መተያየታቸው ብቻውን ያስጨንቃቸዋል፣ መስተዋትም ቢሆን ያውካቸዋል።

ብርሃን አብዛኛው ጠባቂ የሚሳሳትበት ጉዳይ ነው። እስስት ቫይታሚን ዲ የምትሠራው አልትራቫዮሌት ቢ በሚባለው የፀሐይ ጨረር አማካይነት ሲሆን፣ ይህን ጨረር የመስኮት መስተዋት ስለሚያስቀረው በመስኮት አጠገብ መቀመጧ ብቻ አይበቃትም፤ በቀን 12 ሰዓት ያህል የሚበራ ልዩ አምፖል ያስፈልጋታል። ጨረሩ ወይም በምግቧ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲጎድል አጥንቷ ይለሰልሳል፣ እግሮቿ ይጎብጣሉ፣ መንጋጋዋም ይላላል። የየመኗ ዝርያ በማሞቂያው አምፖል ሥር እስከ 30 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ሙቀት ስትፈልግ፣ የከፍታ ቦታ ዝርያዎች ግን ከዚህ ያነሰ ሙቀትና ቀዝቃዛ ሌሊት ይስማማቸዋል፤ ለሁሉም ከሙቀቱ ሸሽተው የሚጠለሉበት ጥላ ሊኖር ግድ ነው።

ውሃ በሳሕን ማስቀመጥ ከንቱ ድካም ነው፤ እስስት የረጋ ውሃን እንደ መጠጥ አትቆጥረውም። ጠብታ በቅጠል ላይ ሲያብለጨልጭ ግን ቀርባ ትልሰዋለች። በዚህ ምክንያት ቅጠሎቹ ጠዋትና ማታ በውሃ ይረጫሉ፣ አለዚያም ሥሩ በመርፌ የተበሳ የውሃ ፕላስቲክ፣ ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለው፣ ከመረቡ በላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል፤ በርጭቶቹ መካከል ግን ቤቱ መድረቅ አለበት፣ የታፈነ እርጥበት ሳንባዋን ያሳምማልና። ዓይኗ ወደ ውስጥ መጉደጉዱ ውሃ እንደጠማት የሚያሳይ የታወቀ ምልክት ነው። ምግቧ ሕያው ፌንጣና የመሳሰለው ነፍሳት ሲሆን፣ መጠኑ ከጭንቅላቷ ስፋት የማይበልጥ፣ ካልሲየም የተነሰነሰበትና ራሱም አስቀድሞ ጎመን የተመገበ ቢሆን ይመረጣል።

እስስት መዳሰስን አትወድም፤ ለማየት እንጂ ለመታቀፍ የምትሆን እንስሳ አይደለችም። ማንሣት ግድ ሲሆን ከላይ አፈፍ ማድረግ እንደ አዳኝ ወፍ ስለሚያስደነግጣት፣ መዳፍን ከደረቷ በታች አድርጎ በራሷ ፈቃድ እንድትወጣ መጠበቅ ይገባል፤ የጨበጠችውን ቅርንጫፍ ሳትለቅ መጎተት ጣቶቿን ይጎዳል። የየመኗ ዝርያ ሴት እስስት ወንድ ሳታገኝም እንቁላል ስለምታፈራ፣ የምትቆፍረው እርጥብ አሸዋና አፈር የተሞላ ጥልቅ ዕቃ ካላገኘች እንቁላሉን በሆዷ ይዛ ልትሞት ትችላለች።

ጠባቂው እንስሳዋን ማኖር ቢያቅተው እንኳ ወደ ዱር መልቀቅ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1972 ከኬንያ ወደ ሃዋይ የተወሰዱ ባለሦስት ቀንድ እስስቶች በዚያ ተለቀው በደሴቶቹ የተባዙ ሲሆን፣ ያገሩን ነፍሳትና ቀንድ አውጣዎች እስከ ዛሬ ይመገባሉ። ጠባቂዋ ማኖር ያቃተው እስስት የምትተላለፈው አያያዙን ለሚያውቅና ፈቃድ ላለው ሌላ ጠባቂ ብቻ ነው።