የአርዲቦ ቁልፍ

ሹክ ልበላችሁ። በአማርኛ ድረ ገጽ ላይ አንድ ስም ፈልጋችሁ «አልተገኘም» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ መረጃው ጠፍቶ አይደለም። ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ቁልፉ ነው አልገጥም ያለው።

ምሳሌውን ከወሎ ላምጣ። የአርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውሃ በወንዝ ወርዶ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት፣ ስሙም «ሐይቅ» ወደሚባለው ሐይቅ ይገባል። ይህንኑ ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በአሬይ (ቁልፍና ዋጋ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚቀመጡበት ዝርዝር) ስናስቀምጠው፦

$ሐይቆች = [
'አርዲቦ' => ['ዞን' => 'ደቡብ ወሎ', 'ይፈሳል' => 'ሀይቅ'],
'ሐይቅ' => ['ዞን' => 'ደቡብ ወሎ'],
];

ከቀስቱ በግራ ያለው ቁልፍ፣ በቀኝ ያለው ዋጋ ነው። የአሬዩን ስም በፊደላችን መጻፍም ይቻላል፤ ፒኤችፒ ይቀበላል። $ሐይቆች['አርዲቦ']['ይፈሳል'] ብትሉት ወዲያው ይመልስላችኋል። በተመለሰው ስም የሐይቅን ገጽ ልክፈት ስትሉ ግን ባዶ ነው። ደግማችሁ እዩት፤ ቁልፉ በሐመሩ ሐ፣ ዋጋው በሃሌታው ሀ ተጽፏል። ለጆሯችን አንድ ናቸው። በዩኒኮድ ግን ሀ 4608፣ ሐ ደግሞ 4624 ነው።

ከሁሉ የሚያስከፋኝ ይህ ስህተት መደበቁ ነው። ፒኤችፒ ራሱ ቁልፉ እንደሌለ ያስጠነቅቃል። እኛ ግን ገጹ እንዳይበላሽ ብለን ሁለት የጥያቄ ምልክት (??) እንጨምርና ቀጥለን «አልተገኘም» እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያው አይወጣም፤ ሎግ ላይም አይታይም፤ የሚያውቀው ገጹን የከፈተው ሰው ብቻ ነው።

መፍትሔው ቁልፍ የሚሆነውን ስም አስቀድሞ ወደ አንድ ፊደል መመለስ ነው፦ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነእርባታቸው። ሰዎች የጻፉት ግን በዋጋው ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ፤ የሰውን አጻጻፍ ማረም የእኛ ሥራ አይደለም። ኤስቲአርቲአር በሚባለው ፋንክሽን ስትለውጡ የፊደሎቹን ጥንድ በአሬይ ስጡት። ሁለት ጽሑፍ ከሰጣችሁት ባይት በባይት ይለውጣል፤ አንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሆነ ስሙ ሊበላሽ ይችላል።

የቀበሌ ቁጥርን ቁልፍ ስለማድረግም ልንገራችሁ፤ ይህን ጀማሪዎች ሲነገራቸው አልሰማሁም። '01' ቁልፍ ሲሆን ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ '10' ግን ማንም ሳያዘው ቁጥር ይሆናል። የሁለት ከተማ ቀበሌዎችን ዝርዝር አሬይ መርጅ በሚባለው ፋንክሽን ስታዋህዱ ፒኤችፒ የቁጥር ቁልፎችን ከዜሮ ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጥራቸዋል፤ 10 ቀበሌ 0 ሆኖ ይወጣል። 01 ቀበሌ ደግሞ በሁለቱም ዝርዝር ካለ የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል። ቁልፉን፣ ለምሳሌ ለሐይቅ ከተማ 'ሀይቅ-10' ብላችሁ፣ ከከተማው ስም ጋር ጻፉት፤ ሁለቱም ችግር ይወገዳል።

ፊደል በመለወጥ የማይፈታም አለ። አርዲቦን ሐርዲቦ የሚሉት አሉ፤ ሐን ወደ ሀ ብትመልሱት ሀርዲቦ እንጂ አርዲቦ አይሆንም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሌላ ትንሽ አሬይ ያስፈልጋል፦ 'ሀርዲቦ' => 'አርዲቦ'። ይህን መስመር የሚያስጽፋችሁ ሐይቅ ከተማ የሚኖር ሰው ነው፤ ድረ ገጹ ከመከፈቱ በፊት ደውላችሁ ጠይቁት።