ጫሞ ላይ አዞ ለሚያሳድዱ ጀልባዎች የምታጨበጭቡ፣ አንብቡት

ከትናንት ጀምሮ አንድ የጫሞ ሐይቅ ቪዲዮ ከየአቅጣጫው እየተላከልኝ ነው። ጀልባው ሞተሩን ሳይቀንስ «አዞ ገበያ» እስከምንለው፣ አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ እስከሚሞቁበት ዳርቻ ድረስ ይገባል፤ አዞዎቹ እየተራወጡ ውኃ ውስጥ ይወረወራሉ፤ ተሳፋሪው ያጨበጭባል። ከሥሩ «ምርጥ ጋይድ!» እየተባለ ተጽፏል። ጎበዝ አስጎብኚ ከሩቅ ሞተሩን ያስጠፋል። አስጎብኚነት ሙያዬ ስለሆነ አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ቪዲዮው ላይ የተባለውን በቁጥር ልመልስ።

1. «አፉን የከፈተው ሊበላን ነው።» ውሸት ነው። አዞ ሰውነቱን የሚያሞቀው በፀሐይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ዳርቻ ላይ የሚሰጣው ለዚሁ ነው። ሙቀቱ ሲበዛበት አፉን ከፍቶ ራሱን ያቀዘቅዛል። ሊያጠቃ የሚመጣ አዞ በውኃ ውስጥ ነው የሚመጣው፤ አፉንም አታዩትም።

2. «የጫሞ አዞ ዓሣ ስለጠገበ ሰው አይነካም፤ የሚፈራው የአባያው ነው።» የአባያ አዞ እንደሚደፍር የአገሩ ሰው ያውቃል፤ ውኃው ደፍራሽ ነው፣ ዓሣውም እንደ ጫሞ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. አባያ ዳር ሰዎችን ሲያጠምቅ የነበረ ፓስተር በአዞ መገደሉን የውጭ ሚዲያ ሳይቀር ዘግቦታል። ግን የሁለቱም ሐይቅ አዞ ያው የናይል አዞ ነው። ጫሞ ነው ብላችሁ እጃችሁን ከጀልባ አውጥታችሁ ውኃ አትንኩ፤ ልጆቻችሁንም ያዙ።

3. «ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ ችግር የለውም።» ሣር መብላቱ እውነት ነው፤ ሌሊት እየወጣ ይግጣል። ቀን ግን የያዘውን ውኃ አያስደፍርም፤ ግልገል ያላት እናትማ ጭራሽ አትቀረብም። አፉን በሰፊው ሲከፍት እያዛጋ አይደለም፣ «ራቁ» እያለ ነው። ከጠለቀ በኋላ ደቂቃዎች ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው፤ የሚወጣው እናንተ ሥር ሊሆን ይችላል።

4. «እናቲቱ ልጆቿን ስትበላ ያዝናት።» ደሜን ያፈላው ይሄኛው ነው!

እናት አዞ በበጋ አሸዋ ቆፍራ አርባም ስልሳም እንቁላል ትጥላለች፤ መልሳም ትቀብረዋለች። ሦስት ወር ገደማ ከዚያ ቦታ አትርቅም፤ የምትበላውም እምብዛም ነው። ጫጩቱ ወንድ ይሁን ሴት የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው። ሊፈለፈሉ ሲሉ ከአሸዋው ሥር ሆነው ይጮኻሉ፤ እሷም ሰምታ ቆፍራ ታወጣቸዋለች። አልሰበር ያለውን እንቁላል በዚያ አጥንት በሚያደቅ መንጋጋዋ ቀስ አድርጋ ይዛ ትሰብርለታለች። ከዚያ በአፏ ይዛቸው ውኃ ውስጥ ታስገባቸዋለች። «በላች» የተባለችው ልጆቿን እያዳነች ሳለ ነው።

ጀልባ ሲጠጋ የሚሆነውን ደግሞ ስሙ። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ካያችሁት፣ ሌሎቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ አንዷ ብቻ አሸዋው ላይ ቀርታለች። የጀልባው ፊት ጭቃውን ሲነካ እሷም ገባች። ሰውዬው እዚያ ላይ መቅረጹን አቆመ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አርጃኖ ነው። ምላሱን እያወጣ ከቁጥቋጦው ይወጣል፣ በፊት እግሮቹ አሸዋውን ይቆፍራል፣ እንቁላሉን አንድ በአንድ እያወጣ ይበላዋል። እናቲቱ ተመልሳ እስክትወጣ ብዙ ሊጨርስ ይችላል። ከሚፈለፈሉት አድገው አዋቂ የሚሆኑት እንኳ በጣም ጥቂት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጀልባ በጀልባ ላይ እየተተካ ሲያባርራትስ?

ሌላው፣ ጥፋቱን ሁሉ ጎብኚው ላይ መጫን አይገባም። ጎብኚው የሚያውቀው የነገሩትን ነው። «አቅርበው፣ አቅርበው» ሲል ነጂው ጉርሻ ፈልጎ ያቀርባል፤ የራቀው ነጂ ደግሞ «ምንም አላሳየንም» ይባላል። ይሄን መስመር ማስያዝ የነበረበት አካል አለ። ክፍያ ይሰበስባል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ግን ጀልባ እዚህ ድረስ ብቻ የሚል አንድ ምልክት ውኃው ላይ የለም። ላይፍ ጃኬት ስለመኖሩ ከመነሳታችን በፊት የሚጠይቅ የለም። ሥልጠና ተብሎ አዳራሽ እንጠራለን፣ አበል ተፈርሞ ይበተናል፣ ስለ እንቁላል ወቅት ግን አንድም ቃል አይነሳም። በጽሑፍ ብናመለክትም ምላሽ የለም። መረብ ውስጥ ተጠላልፎ የሞተ አዞ ስናገኝስ ለማን ነው የምንናገረው?

ጫሞን በከፊል በሚያቅፈው በዚሁ በነጭ ሳር ፓርክ የሆነውን እናውቃለን። በ1966 ዓ.ም. ከሰንቀሌ ተጭኖ መጥቶ ሜዳው ላይ የተለቀቀው የስዌይን ቆርኬ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ እንስሳ፣ እዚህ ሊያልቅ ደርሷል። ያኔም የሚመለከተው አካል ነበረ። 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ፓርክ በደረሰኝ ብቻ አይጠበቅም።

ስለዚህ አርባ ምንጭ ስትመጡ ገና ከመነሳታችሁ በፊት ለነጂው «አታስጠጋ፣ ሞተሩን ከሩቅ አጥፋ» በሉት። አዞው ቀና ብሎ ማየት ከጀመረ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ወደኋላ ይመለስ። ጉማሬዎቹ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እናንተ ካዞሩም እንደዚያው። በርቀት ላቆመው ነጂ ጉርሻውን ስጡት፣ እንስሳ ላባረረው አትስጡ። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ። ቪዲዮውን ያጋራችሁም አሁኑኑ አጥፉት።