የመኪና አሠራር ሕግ መለወጥ በእሽቅድምድም ጊዜ ቀድሞ በማለፍ ላይ ስለሚያመጣው ውጤት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ አንድ ሕግ ለምን እንደ ወጣና የታሰበለትን ፍሬ ለምን እንዳላፈራ ለመረዳት የነገሩን ሥር መመርመር ያስፈልጋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ፎርሙላ ዋን በሚባለው የመኪና እሽቅድምድም፣ ከኋላ ያለው ነጂ ከፊቱ ያለውን ቀድሞ እንዲያልፍ ለመርዳት የወጡትን የመኪና አሠራር ሕጎች ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄው ተራ የጨዋታ ጥያቄ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ኖቬምበር 14 ቀን 2010 ዓ.ም. በአቡ ዳቢ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ሲደረግ ፌርናንዶ አሎንሶ በነጥብ ሁሉን ይመራ ነበር። ጎማ ለመለወጥ ቆሞ ሲመለስ ግን ከቪታሊ ፔትሮቭ ኋላ ገባ። ውድድሩ 55 ዙር ሲሆን አርባ ያህሉን ዙር ተከትሎት ሄደ፤ ሊያልፈው ግን አልቻለም። ሰባተኛ ሆኖ ስለ ጨረሰም የዓለም ሻምፒዮንነቱን በ4 ነጥብ ብልጫ ሴባስትያን ፌትል ወሰደው። በዚያ ዓመት አምስት ውድድር ያሸነፈ ሰው አንድም ያላሸነፈውን ሰው ማለፍ ለምን ተሳነው? መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው ከነጂዎቹ ችሎታ ሳይሆን በመካከላቸው ካለው አየር ነው።

የአየሩ ጠባይ

መኪና በፍጥነት ሲሄድ አየሩን ይሰነጥቃል፤ አየሩም ከኋላው ሳስቶና ታውኮ ይቀራል። ይህ የታወከ አየር በተከታዩ መኪና ላይ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ያደርጋል።

በቀጥታ መንገድ ላይ ይረዳዋል። በብስክሌት የሚወዳደር ሰው ከጓደኛው ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ እንደሚጠለል፣ ተከታዩም መኪና የሚገፋው አየር ስለሚያንስለት ፍጥነት ይጨምራል። በ1971 ዓ.ም. ረጃጅም ቀጥታ መንገዶች ባሉት በሞንዛ በተደረገው ውድድር ፒተር ጌቲን ያሸነፈው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ብልጫ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት መኪናዎች የገቡት በ0.61 ሰከንድ ውስጥ ነበር።

በኩርባ ላይ ግን ያው አየር ይጎዳዋል። የዛሬው የእሽቅድምድም መኪና ኩርባውን በታላቅ ፍጥነት የሚዞረው፣ በክንፎቹና በሆዱ ሥር የሚያልፈው አየር ወደ መሬት ስለሚጫነውና ጎማዎቹ መንገዱን አጥብቀው ስለሚይዙ ነው። ይህን ኃይል ጫና እንበለው። ክንፍ በደንብ የሚሠራው በረጋ አየር ነው፤ የታወከ አየር ሲደርሰው ጫናው ይቀንሳል። ከዚህም የተነሣ የፊት ጎማዎቹ ይንሸራተታሉ፣ መኪናው መታጠፍን እምቢ ይላል፣ ጎማውም ከመጠን በላይ ይግላል። ነጂው ከኩርባው ሲወጣ ወደ ኋላ ርቆ ይገኛል፤ በቀጥታው መንገድ የሚያገኘው እርዳታም የጠፋውን ርቀት ለመመለስ ያልቃል።

እንግዲህ ጫናን የሚያበዛ አሠራር ሁሉ አንዱን መኪና ብቻውን ሲሮጥ ፈጣን ያደርገዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲሮጡ ግን ያራርቃቸዋል።

የሕጉ ታሪክ ባጭሩ

ክንፍ በፎርሙላ ዋን መኪና ላይ የታየው በ1968 ዓ.ም. ነው። በ1969 ዓ.ም. በስፔን ውድድር የሁለት ሎተስ መኪናዎች ረጃጅም ክንፎች ተሰብረው አደጋ ስላደረሱ፣ እንዲህ ያለው ከፍ ያለ ክንፍ ተከለከለ። በ1978 ዓ.ም. ማሪዮ አንድሬቲ ሻምፒዮን የሆነበት ሎተስ 79 ጫናውን ከሆዱ ሥር በማግኘቱ ሌሎቹም ተከተሉት፤ በኩርባ ላይ የሚታየው ፍጥነት አስጊ ስለ ሆነ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የመኪናው ሆድ ጠፍጣፋ እንዲሆን ታዘዘ። እነዚህ ሕጎች በተለይ የታሰቡት ለነጂው ደኅንነት ነበር።

ቀድሞ ማለፍ ራሱ ዋና ጉዳይ ሆኖ የተጠናበት ሕግ የ2009 ዓ.ም. ሕግ ነው። የኋላው ክንፍ ከ100 ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ጠበበ፤ የፊቱ ከ140 ወደ 180 ሳንቲ ሜትር ሰፋ፤ በመኪናው አካል ላይ የተለጣጠፉት ትናንሽ ክንፎች በብዛት ተነሡ። ነገር ግን ብራውን፣ ቶዮታና ዊሊያምስ የተባሉት ቡድኖች ከመኪናው ኋላ ሥር ባለው አየር ማስወጫ ላይ፣ ከሕጉ ቃል ክፍተት አግኝተው፣ ሁለተኛ ፎቅ ሠሩ። የይግባኝ ሰሚው ሸንጎ በኤፕሪል ወር ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ፤ ሌሎቹም ቀዱት። ሕጉ በአንድ በር ያስወጣው ጫና በሌላ በር ተመለሰ።

የአቡ ዳቢው ነገር ከሆነ በኋላ በገባው በ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሌላ ብልሃት ሥራ ላይ ዋለ። ተከታዩ መኪና በተወሰነው የመለኪያ ቦታ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከደረሰ፣ በተፈቀደለት ቀጥታ መንገድ ላይ የኋላ ክንፉን ከፍቶ አየሩን ያሳልፋል፤ ከፊት ያለው ግን በእርሱ ላይ እንዲህ ለማድረግ አይፈቀድለትም። ማለፍ በዛ፤ ነገር ግን መከላከል የማይቻልበት ማለፍ ምን ክብር አለው የሚል ተቃውሞ ተነሣ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መኪናው ከ180 ወደ 200 ሳንቲ ሜትር ሰፍቶ ጫናው ሲጨምር፣ መኪናዎቹ ፈጠኑ፤ ማለፍ ግን ቀነሰ።

የ2022 ዓ.ም. ሕግ ወደ ነገሩ ሥር ተመለሰ። ጫናው ይበልጡን ከሆድ ሥር እንዲገኝ፣ የታወከውም አየር ከተከታዩ በላይ ከፍ ብሎ እንዲያልፍ ተደረገ። ሕጉን ያዘጋጁት ሰዎች ባወጡት ቁጥር መሠረት፣ የቀድሞው መኪና ከፊቱ ካለው በ20 ሜትር ርቀት 35 በመቶ፣ በ10 ሜትር ርቀት 46 በመቶ ጫናውን ያጣ ነበር፤ አዲሱ በ20 ሜትር 4 በመቶ፣ በ10 ሜትር 18 በመቶ ብቻ እንዲያጣ ታቀደ። በመጀመሪያ መከተል ቀለለ፤ ይሁን እንጂ መሐንዲሶቹ አየሩን ወደ ጎን የሚበትኑበትን ዘዴ ቀስ በቀስ ስላገኙ፣ በ2024 እና በ2025 ዓ.ም. ነጂዎቹ መከተል እንደ ገና ከበደ ሲሉ ተሰሙ።

ለ2026 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መኪናው በ10 ሳንቲ ሜትር ጠቧል። የክንፍ መከፈት የተከታዩ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ የሁሉም መኪና የፊትና የኋላ ክንፍ በተወሰኑ ቀጥታ መንገዶች ላይ ይከፈታል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ለሚከተለው የተሰጠው ብልጫ ከኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚገኝ ተጨማሪ ኃይል ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ችግሩ የሚመለሰው መሐንዲሶቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ እንዳልሆነ ነው። መሐንዲሱ የሚመሰገነው የራሱ መኪና ሲፈጥን ነው፤ ከኋላው የሚተወው አየር በእርሱ ላይ ዕዳ ሆኖ አይቆጠርበትም። እንዲያውም ተከታዩን ቢያውክለት ትርፉ የእርሱ ነው። ስለዚህ የክንፍን ስፋት በሳንቲ ሜትር የሚወስን ሕግ ለጊዜው ይሠራል፣ ቆይቶም ይላላል። እንደ እኛ አስተያየት ጸንቶ ሊቆይ የሚችለው፣ መኪናው ለራሱ የሚያገኘውን ብቻ ሳይሆን ለተከታዩ የሚተወውን አየር ጭምር የሚለካና የሚገድብ ሕግ ነው። ይህ መለኪያ እንዴት ይደረጋል፣ በምንስ መሣሪያ ይረጋገጣል የሚለውን ጥያቄ ለምሕንድስናም ለሕግም ተማሪ ጓደኞቻችን ትተናል፤ ሁለቱም ያለ አንዳቸው የሚመልሱት አይመስለንምና።