የነሰብ ጥናትና የቤተ መጻሕፍት መረጃ ቋቶች፦ ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ቤተሰቦች የሚሆን የአጠናን መንገድ

እስልምና ነሰብን ማወቅን ዝምድናን ከመቀጠል ጋር አያይዞ አስተምሯል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝምድናችንን ለመቀጠል የሚያስችለንን ያህል የዘር ሐረጋችንን እንድንማር ማዘዛቸውን ኢማም ቲርሚዚ ዘግበዋል። በሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ ሰዎች በወላጅ አባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ታዟል፤ በሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አንቀጽ ደግሞ በነገድና በጎሳ መለየት ለመተዋወቅ እንጂ ለመበላለጥ እንዳልሆነ ተነግሯል። እነዚህ ሦስት ትምህርቶች ተያይዘው ሲነበቡ ለተመራማሪው ወሰን ያበጁለታል፦ ነሰብን መማር ተገቢ ነው፤ መቀየር ሐራም ነው፤ መመካኛ ማድረግ ደግሞ የተወገዘ ነው።

በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ኢማሞችና የመድረሳ መምህራን ከነሰብ ጋር የተያያዙ ሦስት ዓይነት ጥያቄዎች ይቀርቡላቸዋል። የመጀመሪያው የሚራስ ጥያቄ ነው፤ ሟቹን ማን በየትኛው የዝምድና መስመር ይወርሰዋል? ሁለተኛው የጋብቻ ነው፤ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል መሕረምነትን የሚያስከትል የሥጋ ወይም የጡት ዝምድና አለን? ሦስተኛው የክብር ጥያቄ ነው፤ ቤተሰባችን ከሸሪፎች፣ ከወላስማዎች ወይም ከእገሌ ሸኽ ዘር ነው የሚለው አባባል ማስረጃው ምንድን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው የቆመው በሽማግሌዎች ትዝታ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ያልፋሉ፤ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡት ኪታቦች በምስጥና በእርጥበት ይበላሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው የደረሰው ግጭትና ጦርነት ደግሞ በአንድ ቤት ብቻ የሚገኝ ጽሑፍ ምን ያህል ለጥፋት የተጋለጠ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቃል መረጃን ከቤተ መጻሕፍት ካታሎጎች፣ ከመጠቁሞችና ከመረጃ ቋቶች ጋር አገናኝቶ የማጥናትን መንገድ እናብራራለን።

ከቤት መጀመር

የነሰብ ጥናት ከታወቀው ወደማይታወቀው ይሄዳል። ተመራማሪው ከራሱ ተነሥቶ ወደ አባት፣ ወደ አያት፣ ወደ ቅድመ አያት ይወጣል እንጂ ከአንድ ታዋቂ ሱልጣን ወይም ወሊይ ተነሥቶ ወደ ራሱ አይወርድም። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሰው የሚፈልገውን ማግኘቱ አይቀርም፤ ያገኘው ግን ምኞቱን ሊሆን ይችላል።

ሽማግሌዎችን ለየብቻ መጠየቅ ይበጃል፤ አብረው ሲጠየቁ የታላቁ ቃል የታናሹን ትዝታ ይሸፍነዋልና። ለእያንዳንዱ ስም አራት ነገሮች ይመዝገቡ፦ የኖረበት መንደር፣ የተማረበት ሐሪማ ወይም መድረሳ፣ ያገባት ሚስትና የእርሷ አባት፣ እንዲሁም የተቀበረበት ስፍራ። የሴቶቹ ስም መዝለል የለበትም፤ የሚራስም ሆነ የመሕረምነት ጥያቄ ያለ እናቶች፣ ያለ አክስቶችና ያለ አያቶች ስም አይፈታም። የጥንቱ የሸዋ ሱልጣኔት ዜና መዋዕል እንኳ ባዲት የተባለችውን ንግሥት ስም ጠብቆ አቆይቶልናል።

ቀጥሎ በቤት ያሉ ኪታቦች ይታያሉ። የኪታቡ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጾች፣ ገልባጩ ስሙንና ያጠናቀቀበትን ቀን የጻፈበት መዝጊያ፣ የባለቤትነት ማስታወሻና የወቅፍ ቃል የሦስትና የአራት ትውልድ ስም ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ አንድ ልዩነት አጥብቆ መጠበቅ ያሻል። በኢጃዛና በጦሪቃ ሲልሲላ ውስጥ የሚደረደሩት ስሞች የመምህርና የደረሳ ሰንሰለት እንጂ የአባትና የልጅ ሰንሰለት አይደሉም። ሁለቱን መደባለቅ የመምህርን ስም በአያት ቦታ ያስቀምጣል።

የትኛው መጠቁም ለየትኛው ጥያቄ?

ከቤት የተሰበሰበው ስም በእጅ ካለ በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የዓረብኛና የዓጀም የእጅ ጽሑፎችን ይዟል። አሌሳንድሮ ጎሪ ከሌሎች አጥኚዎች ጋር ሆነው በተቋሙ የሚገኙትን የኢትዮጵያ እስላማዊ ትውፊት የዓረብኛ ጽሑፎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። ተመራማሪው በዚህ ዝርዝር የድርሰቱን ስም ብቻ ሳይሆን የገልባጩን፣ የባለቤቱንና የቦታውንም ስም መፈለግ አለበት፤ የዘር ሐረግ መረጃ የሚሸሸገው በድርሰቱ አካል ሳይሆን በእነዚህ ማስታወሻዎች ነውና።

በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በጎሪ መሪነት የተካሄደው፣ የአፍሪካ ቀንድን እስላማዊ ጽሑፎች ያጠናው ፕሮጀክት የመረጃ ቋት የአካባቢያችንን ድርሰቶችና የእጅ ቅጂዎቻቸውን ለመፈለግ ይረዳል። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ቤተ መዘክርና የእጅ ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በርካታ የእጅ ጽሑፎችን በኢንተርኔት የንባብ ክፍሉ ያቀርባል። ስለ ዑለማእ ሕይወትና ድርሰት ለሚጠይቅ ሰው፣ ኦፋሂ ከሑሴን አሕመድና ከሌሎች ምሁራን ጋር አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ሙስሊሞች ድርሰቶች መዘርዝር መነሻ ይሆነዋል።

የታተሙ ጥናቶችን ለማግኘት ሁለት መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ነው፤ መጠቁሙ በመጨረሻው ቅጽ ይገኛል። ሁለተኛው ኢንዴክስ ኢስላሚከስ ሲሆን፣ ፒርሰን ያዘጋጁት የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1958 ታትሞ ከ1906 እስከ 1955 የወጡ መጣጥፎችን ይዘረዝራል። ይህ መጠቁም የሚያተኩረው በአውሮፓ ቋንቋዎች በተጻፉ ሥራዎች ላይ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ወይም በዓረብኛ የተጻፈ ነገር በውስጡ አለመገኘቱ የጽሑፉን አለመኖር አያመለክትም። ለአካባቢያችን የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ዕትሞችና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ይበልጥ ይቀርባሉ። ሑሴን አሕመድ ስለ ሸኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር የጻፉት ጥናት እንዲሁም አሕመድ ሐሰን ዑመር ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የይፋት እስልምና፣ ንግድና ፖለቲካ በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት የዶክትሬት ጥናት በዚህ ረገድ የሚጠቀሱ ናቸው። በእነዚህ ጥናቶች መጨረሻ የሚገኘው የቃል ምንጮች ዝርዝር ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች የተናገሩት የት እንደተጻፈ ሊያሳይ ይችላል።

አንድን ስም በሁሉም መልኩ መፈለግ

መጠቁም ፊደልን እንጂ ሰውን አያውቅም። በአማርኛ መዝገብ ዑመር፣ ኡመር ወይም ኡማር ተብሎ የተጻፈው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሙሐመድ፣ መሐመድና መሃመድ፣ ኢድሪስና እንድሪስ፣ ሰዒድና ሰይድም እንዲሁ። ሐጅ፣ ሸኽና ፈቂህ የሚሉት ማዕረጎች አንዳንድ ጊዜ እንደ መጠሪያ ስም ይመዘገባሉ። የቦታውም ስም እንደዚሁ ነው፤ ይፋት፣ ኢፋት፣ አውፋትና ወፋት በልዩ ልዩ ምንጮች የአንዱ አገር መጠሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ስም አጻጻፎች በአማርኛ፣ በዓረብኛና በላቲን ፊደል ዘርዝሮ መያዝ፣ ከዚያም የተፈለገውንና ያልተገኘውን ሁሉ ከነቀኑ መመዝገብ ይገባል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ኒስባ ነው። በዓረብኛ የሕይወት ታሪክ መዝገቦች ውስጥ «ዘይለዒ» እና «ጀበርቲ» የሚሉ ስሞች በብዛት ይገኛሉ። ነገር ግን አል-ዑመሪ እንዳስረዱት የግብፅና የሶርያ ሰዎች የአካባቢውን የሙስሊሞች አገር በጅምላ በዘይላ ስም ይጠሩት ነበር። «ነስቡር ራያ»ን ያዘጋጁት ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ (762 ዓ.ሂ.) ኒስባቸው ብቻውን የየትኛው መንደር ወይም ቤተሰብ ልጅ እንደሆኑ አይነግረንም። አስ-ሰኻዊ በዘጠነኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ሰዎች መዝገባቸው ለሴቶች ብቻ የመጨረሻውን 12ኛ ቅጽ መድበዋል፤ ይህን የመሰለውን ኪታብ በአል-መክተበቱ ሻሚላ ላይ በአንድ ቃል መፈተሽ ዛሬ ቀላል ነው። ውጤቱን መመዘን ግን የተመራማሪው ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

የወላስማዎች ምሳሌ

በይፋት ከወላስማ የሚበልጥ የተፈለገ የዘር ስም የለም። ሥርወ መንግሥቱን የመሠረቱት ዑመር ወላስማ እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት እንደያዙ የምናውቀው ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1941 ካሳተሙት ዜና መዋዕል ነው። አል-መቅሪዚ በ15ኛው ክፍለ ዘመን «አል-ኢልማም» በተሰኘው ሥራቸው ቤተሰቡ ከቁረይሽ ነኝ እንደሚል ጽፈዋል፤ ከየትኛው የቁረይሽ ቅርንጫፍ ነው በሚለው ላይ ግን ወሬዎቹ አንድ አይደሉም። የሱልጣን ሰዕደዲን የሞት ዓመትም በአንዳንድ ሥራዎች 1403፣ በሌሎች 1415 እ.ኤ.አ. ሆኖ ይገኛል። ፎቬል፣ ሒርሽና ሸክሩን የይፋትን ሱልጣኔት ዋና ከተማና የወላስማዎችን መካነ መቃብር በሚመለከት ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ስሞችን ከኪታቡ ቃል ጋር ለማመሳከር አስችሏል።

ከዚህ በኋላ ግን ስሙ ራሱ መልኩን ይለውጣል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ወደ ሸዋ የመጡት የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ የይፋትን ገዥ «ወላስማ መሐመድ» እያሉ ጠቅሰዋል። በዚህ ዘመን ወላስማ የሹመት መጠሪያም ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ በመረጃ ቋት ውስጥ «ወላስማ» የሚል ቃል ያገኘ ሰው የሰው ስም፣ የሥርወ መንግሥት ስም ወይስ የሹመት ስም መሆኑን ሳይለይ የዘር ሐረጉን ሊቀጥልበት አይገባም።

ሰንሰለቱን መፈተሽ

ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማቸው ለዘር ሐረግ መመርመሪያ የሚሆን ቀላል መለኪያ ሰጥተዋል፤ ለአንድ መቶ ዓመት ሦስት ትውልድ ይቆጠራል። ይህን በታወቀ ሐረግ ላይ እንሞክረው። የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ እ.ኤ.አ. በ1753 ተወለዱ፤ ወደ ካይሮ የመጡትን አባታቸውን ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ይቆጥሯቸዋል። ሰባት ትውልድ በመለኪያው ወደ 230 ዓመት ይሆናል፤ ይህም ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያደርሰናል፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም የቤተሰቡን መምጣት የሚያደርጉት በዚያው ዘመን ነው። ሐረጉ ከመለኪያው ጋር ይስማማል ማለት ነው። በአንጻሩ ዛሬ ያለ ሰው ከዑመር ወላስማ ጋር የሚያገናኘው ሐረግ ወደ 740 ዓመት ገደማ ስለሚሸፍን ሃያ ሁለት ያህል ስሞች ይጠበቁበታል። ዘጠኝ ስም ብቻ ካለው ወይ ስሞች ወድቀዋል፣ ወይ ግንኙነቱ ከጊዜ በኋላ የተቀጠለ ነው። መለኪያው ሐረግን አያጸድቅም፤ ጥያቄ እንዲነሣ ግን ያደርጋል።

የዘመን አቆጣጠርም ይታይ። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ያህል ያጥራል። 1300 ዓ.ሂ. የጀመረው በኅዳር 1875 ዓ.ም. ሲሆን ያለቀው በጥቅምት 1876 ዓ.ም. ነው። በኪታብ መዝጊያ ላይ ያለውን ዓመት ወሩን ሳያዩ ወደ ዓ.ም. የሚመልስ ሰው አንድ ዓመት ሊስት ይችላል፤ በመቶ ዓመት ውስጥ ደግሞ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የሦስት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል።

የተገኘው መረጃ አማናነት

በካታሎግ የተገኘ ስም ለታሪክ መረጃ ነው፤ ለፍርድ ግን ብቻውን አይበቃም። ፉቀሃእ ነሰብን በትዳር፣ በማመን፣ በምስክርና በሕዝብ ዘንድ በተሰራጨ እውቀት ያረጋግጣሉ። ስለዚህ ኢማሙ በመረጃ ቋት ባገኘው ማስታወሻ ተነሥቶ የተረጋጋን ነሰብ ሊያናጋ፣ ወራሽን ሊነቅል ወይም ሊተክል አይገባውም። የሚራስ ክርክር ሲነሣ መረጃውን ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ውሳኔው የቃዲው ነው።

ሌላም አለ። የድሮ ጽሑፍ የአንዱን አያት በባርነት የተሸጠ፣ የሌላውን ከሌላ እምነት የመጣ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ይህ ለባለቤቱ የሚነገር አማና እንጂ የአደባባይ ወሬ አይደለም። አርጎባ፣ አማራ፣ ኦሮሞና አፋር ለዘመናት ተጎራብተው በኖሩበት በይፋት የነሰብ ጥናት ሰዎችን የሚያራርቅ ሳይሆን የተረሳ ዝምድናን የሚያስታውስ እንዲሆን የማድረጉ ኃላፊነት በመምህራንና በኢማሞች ትከሻ ላይ ነው።

በመጨረሻም እያንዳንዱ መስጊድና መድረሳ ሦስት ቀላል ተግባራትን እንዲጀምር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የቤተሰብ ቃል የሚጻፍበት፣ የተናጋሪው ስምና ቀኑ የሚሰፍርበት መዝገብ ይኑር። ሁለተኛ፣ በየቤቱ ያሉ ኪታቦች በባለቤቶቻቸው ፈቃድ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጾቻቸው ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ኪታቡ ግን ከቤቱ አይውጣ፣ ለሻጭም አይሰጥ። ሦስተኛ፣ ቅጂው ቢያንስ በሁለት በተራራቁ ቦታዎች ይቀመጥ። ዛሬ በሸዋ ሮቢት ያለ ደረሳ የአያቱን ስም በመጠቁም የሚያገኘው ትናንት አንድ ገልባጭ በኪታቡ መዝጊያ ላይ ስሙን ከነአባቱ ስለጻፈ ነው፤ የነገው ደረሳም የሚያገኘው እኛ የመዘገብነውን ነው። ወላሁ አዕለም።