የእንግሊዝኛው «-ኢ» ቅጥያ፦ ምንጩና ፍቺው



ከእንግሊዝኛ ውል የሚተረጉም ሰው ቶሎ የሚለምደው አንድ ደንብ አለ። «ሌሶር» አከራይ፣ «ሌሲ» ተከራይ ነው፤ «ኢምፕሎየር» ቀጣሪ፣ «ኢምፕሎዪ» ተቀጣሪ ነው። ስለዚህ በቃሉ መጨረሻ «-ኢ» ሲመጣ የእኛን «ተ-» መተካት የሚበቃ ይመስላል። ይህ ደንብ «ሞርጌጂ» ላይ ሲደርስ ይከዳል። ቤቱን አስይዞ የሚበደረው ሰው «ሞርጌጀር» ነው፤ «ሞርጌጂ» ግን አበዳሪው፣ ለምሳሌ ባንኩ፣ ነው። በልማድ «ተበዳሪ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ባለመብቱን ባለዕዳ አድርጎታል።

ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ቅጥያው ምንጭ እንመለስ። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የገዢው መደብ፣ ቆይቶም የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ። በ1362 የወጣ ሕግ ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ ቢያዝም፣ የሕግ ሰዎች ፈረንሳይኛቸውን ለዘመናት አልተዉም። በዚያ ቋንቋ «-ኤ» የተደራጊ ቅጽል መድረሻ ነበረ፤ ከላቲኑ «-አቱስ» የወረደ ነው። ጠበቆቹ ቅጽሉን ስም አደረጉትና ከአድራጊው «-ኦር» ጋር አጣመሩት። ልብ በሉ፤ «ግራንቲ» የሚባለው የተሰጠው ነገር አይደለም፤ ነገሩ የተሰጠው ሰው ነው። «ሞርጌጂ»ም መያዣው የተሰጠው ወገን ነው። መከተል የሚገባን የገንዘቡን ሳይሆን የመያዣውን መንገድ ነውና፣ «መያዣ ተቀባይ» የሚለው ስያሜ ነገሩን በትክክል ይገልጠዋል። ዛሬ የሰዎች ስብስብ የሆነው «ኮሚቲ» እንኳ በመጀመሪያ ጉዳይ በአደራ የተሰጠው አንድ ሰው ነበረ።

ከሕግ ውጪ ነገሩ ይወሳሰባል። ሉዊ 14ኛ በ1685 የናንትን አዋጅ ሲሽር ከፈረንሳይ የሸሹት ፕሮቴስታንቶች «ሬፍዩጂ» በሚለው ስም በእንግሊዝ ታወቁ። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ሸሽተው የተጠጉ ናቸው፤ ታዲያ ተደራጊነታቸው ምኑ ላይ ነው? ክሪስ ባርከር በ1998 ባሳተመው ጥናት ቅጥያው የሚሰየመው በሁነቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን ለሌለው፣ ነፍስ ላለው ተሳታፊ መሆኑን አስረድቷል። ማብራሪያው ለስደተኛውና ከእስር ላመለጠው «ኢስኬፒ» ይስማማል፤ በፈቃዱ ስብሰባ ለሚመጣው «አተንዲ» ግን ይጠብበዋል ብዬ አምናለሁ።

የእኛም «ተሰደደ» ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ቅርጹ የተደራጊ ነው፤ «ሰደደ» ከሚለው ግስ ወጥቷል። ሆኖም «ጎረቤቴ ተሰደደ» ስንል የሰደደውን ወገን አንጠይቅም፤ የምንጠይቀው ወዴት እንደ ሄደ ነው።