ማዘርቦርድ ሲመረጥ ምን ይታያል?

ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ራሙ ነው። ሁሉንም የሚያገናኘው ማዘርቦርድ ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በዋጋው ወይም በመብራቱ ማማር ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ የተቀመጠበት ምክንያት አለው፤ ያንን ያወቀ ሰው ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አያታልለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን የኤኤምዲ ቢ550 ቺፕሴት የያዘ ማዘርቦርድ በምሳሌነት እንውሰድ።

አስቀድሞ የሚታየው ልኩ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው። ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ ደግሞ 170 በ170 ነው። ትንሹ ቦታ ይቆጥባል፤ የራምና የካርድ ማስገቢያው ግን ያንሳል።

ቀጥሎ ዓይን የሚያርፈው በፕሮሰሰሩ ሶኬት ዙሪያ ነው። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣው 12 ቮልት ሲሆን ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው ከ1 ቮልት ብዙም አይርቅም። ይህን የሚቀንሱት ከሶኬቱ ጎንና አናት የተደረደሩት ትንንሽ ግራጫ ኮይሎችና አጠገባቸው ያሉት ትራንዚስተሮች ናቸው። ሥራውን ብዙ ሆነው ሲካፈሉት እያንዳንዳቸው ብዙም አይግሉም። ላያቸው ላይ ያለው ክዳን ወፍራም አሉሚኒየም ነው ወይስ ለጌጥ የተለጠፈ ፕላስቲክ? ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር በመጠነኛው ይሠራል፤ ባለ 16 ኮሩ ግን ደካማ ሰሌዳ ላይ ከተጫነ ሙቀቱ ሲበረታ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ከሶኬቱ በስተቀኝ አብዛኛውን ጊዜ አራት የራም ማስገቢያዎች አሉ። ሁለት ራም ብቻ ያለው ሰው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይሰካል። አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ከሰካ ኮምፒውተሩ ይነሣል፤ ሁለቱም በአንድ ቻናል ስለሚጓዙ ግን ራሙ መረጃ የሚያስተላልፍበት አቅም በግማሽ ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የካርድ ማስገቢያዎቹ ላይ ነው። የላይኛው ረጅሙ ማስገቢያ በ16 መስመር በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር ይገናኛል። የታችኛው ቁመቱ እኩል ነው፤ በብዙዎቹ የቢ550 ሰሌዳዎች ግን በቺፕሴቱ በኩል የሚያልፍ ባለ 4 መስመር ብቻ ነው። በብርሃን ወደ ውስጥ ቢያዩት ብዙ ጊዜ የመዳብ እግሮቹ የማስገቢያው ግማሽ ሳይደርሱ ያቆማሉ፤ የቀረው ባዶ ፕላስቲክ ነው። ኤስኤስዲ የሚሰካባቸው የኤም ዶት ቱ ቦታዎችም እንዲሁ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ከፕሮሰሰሩ በቀጥታ ሲሆን ሁለተኛው በቺፕሴቱ በኩል ነው። ሁለተኛው ሲያዝ በብዙ ሰሌዳዎች ሃርድ ዲስክ የሚሰካባቸው አንዳንድ የሳታ መሰኪያዎች ሥራ ያቆማሉ። የሳታ መሰኪያዎቹ ወደ ጎን የዞሩ ከሆነ ረጅም ግራፊክስ ካርድ አይሸፍናቸውም።

ፕሮሰሰሩም የሰሌዳውን አቅም ይወስናል። ቢ550 ላይ ራይዘን 5 5600ጂ የሰካ ሰው አራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተባለው የላይኛው የካርድ ማስገቢያ በሦስተኛው ትውልድ ፍጥነት ይሠራበታል፤ ፕሮሰሰሩ ከዚያ በላይ አይችልምና። የራይዘን 5000 ዘሮች ገበያ የወጡትም ከቢ550 በኋላ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የተመረተ ሰሌዳ ባዮሱ (የማስነሻ ሶፍትዌሩ) ካልታደሰ ከእነሱ ጋር አይነሣም። ከኋላ በኩል የባዮስ ማደሻ ቁልፍ ያለው ሰሌዳ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ፕሮሰሰር ባይኖርም ከፍላሽ ያድሳል።

እንግዲህ ምርጫው የሚጀምረው ከሰሌዳው ሳይሆን ከሚሰካበት ዕቃ ነው። አንድ ግራፊክስ ካርድ፣ አንድ ኤስኤስዲና ሁለት ራም ለሚጠቀም ሰው ለተጨማሪ ማስገቢያ የሚከፍለው ገንዘብ ብክነት ነው። ዕቃው የሚበዛ ከሆነ ደግሞ ከመግዛቱ በፊት ማኑዋሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ የትኛው ሲያዝ የትኛው እንደሚዘጋ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ይይ። ሻጩም ካርቶኑም የማይነግሩት እዚያ ተጽፏል።